የኩርባው መከለያ

ሚያዝያ 5

ቱቦዎቹ መጡ።

ሚያዝያ 6

ትናንት ድካሙ አላስጻፈኝም። ቱቦዎቹ የቧንቧ ጥገና ከምሠራበት ሕንፃ የወጡ ናቸው። ያረጀው የፍሳሽ መስመር ሲቀየር ሊጣሉ ነበር፤ ለምኜ አመጣኋቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አፋቸው ስንዝር የሚያህል። ደጋግሜ በሳሙና አጥቤያቸዋለሁ። ሚስቴ ግን አሁንም ይሸታሉ ትላለች። የስንቱን ሰው ጉድ እንዳሳለፉ እያወቅኩ እንዴት አይሸተኝም አለችኝ።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አያቸው። ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ እያንኳኳ ዞራቸው። "ይሆናሉ" አለ። እሱ ይሆናሉ ካለ ሆኑ።

ነገሩን ለራሴ እንኳ በሥርዓት ጽፌው አላውቅም። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የሪሞት መኪና የሚያሽቀዳድም ክበብ ሊቀመንበር። ዕድሜ ልኩን ተሳቢ ነዳ፣ ጡረታ ሲወጣ ክንድ የምታህል መኪና ገዛ። ሚስቴ "ከተሳቢ ወደ ኪስ ወረደ" ትለዋለች፤ በሌለበት። የምንጫወተው በተዘጋው የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ነው። እስከ ዛሬ የመንገዱ ጠርዝ ጡብና ገመድ ነበር። ጡቡ መኪና ይሰብራል፣ ገመዱ ምንም አይመልስም። የሌላ ከተማ ክበብ ስንጋብዘው ለዓመታት "መጀመሪያ መከለያ ይኑራችሁ" እያለ መለሰን። ዘንድሮ እሺ አሉ። በግንቦት መጀመሪያ ይመጣሉ። መከለያውን የምሠራው እኔ ነኝ።

እኔ መኪና የለኝም። አልነዳም። ታዲያ እዚያ ምን እሠራለሁ? ጋሼ "ና" አለኝ፣ ሄድኩ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ አሁንም "አንተ ልጅ" ይለኛል።

ሚያዝያ 9

ከሥራ መልስ ቱቦ ስሰነጥቅ ዋልኩ... አመሸሁ ልበል። እንጨት ላይ አስሬ ቁመቱን በግራይንደር ለሁለት መክፈል። ብናኙ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ቅንድብ ውስጥ ይገባል። ቤት ስገባ ሚስቴ ስልክ እያወራች ነበር። ወሬዋን ሳታቋርጥ አልጋው ላይ እንዳልቀመጥ በእጇ ከለከለችኝ።

ለሁለት መክፈሉ የእኔ ሐሳብ ነው። አንዱ ቱቦ ሁለት ይሆናል። የተቆረጠውን ጎን መሬት አስይዤ፣ ጀርባውን እንደ ኤሊ ወደ ላይ አድርጌ በብሎን አስረዋለሁ። ጡብ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው የሚሰብረው። ክብ ነገር አይገጭም፣ ያንሸራትታል። የመጣችበትን መኪና አባብሎ ወደ መንገዷ ይመልሳታል። ለጋሼ በሁለት እጄ እያሳየሁ ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "ይሄ ጭንቅላት ከማን ወጣ?" አለ።

ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ።

ሚያዝያ 12

ኮንክሪት ስበሳ ዋልኩ። የጋራዡ ወለል ዘመን የጠገበ ዘይት ጠጥቷል፤ መሰርሰሪያው ሲሞቅ የድሮ አውቶቡስ ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ ብሎን አቀበለችኝ። ከክበቡ ብቸኛ ሴት ናት፤ ከወንዶቹ አብዛኞቹን ትቀድማለች። "ባለ ቱቦው" የሚል ስም አውጥታልኛለች። የቱቦዎቹን መስመር በአንድ ዓይኗ አይታ ስፌትህ ጠማማ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ፣ ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሸሽቷል። አስተካከልኩት።

ከዚያ ሙከራ። የጋሼ መኪና። ጋሼ ሲነዳ አሁንም ሃያ ቶን እንደጫነ ነው፤ ኩርባው ገና ከሩቅ ሲታየው ይቀዘቅዛል። ፍሬቻ ቢኖራት ያሳይ ነበር። ሆን ብሎ ከቱቦው ጋር አጋጫት። ትንሽ ወጣች፣ ተንሸራተተች፣ ወደ መንገዷ ተመለሰች። ደገመው። አሁንም ተመለሰች። አጨበጨቡ። ጋሼ ሪሞቱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እጄን ጨበጠኝ፤ እንደ እንግዳ ሰው።

ዶክተሩ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። ከመካከላችን ፈጣኑ እሱ ነው። አዲስ መኪና ይዞ ይመጣል አሉ።

ሚያዝያ 15

ቱቦዎቹን ቀለም ቀባሁ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ። ወገቤ።

ሚያዝያ 19

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዶክተሩ መጣ፣ አዲሷን ይዞ። ስትሮጥ ድምፅዋ እንደ ትንኝ ነው፤ ያስጠላል። ልብስ ሰፊዋ ትልቁ ኩርባ ላይ "አንሺ" ሆና ቆማለች። ደንባችን ነው። አንዱ ቡድን ሲነዳ ተራው ያልሆነው ኩርባ ኩርባው ላይ ይቆማል፤ የተገለበጠች መኪና ሮጦ ያነሳል። የሚነዳ ሰው ብቻ ነው የሚቆመው። እኔ አልነዳም፣ አልቆምም። ነገ እሱም መነሳት ስለሚፈልግ የሌላውን በደንብ ያነሳል ይላል ጋሼ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው።

ዶክተሩ ቀጥታው ላይ ለቀቃት። ኩርባው ጋ ስትደርስ ፍሬን ለመያዝ ዘገየ። ቱቦውን አገኘችው።

አልተንሸራተተችም። ወጣች። እንደ ደረጃ ረግጣው ወጥታ በረረች። ልብስ ሰፊዋ ያን ሰዓት የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብላ ነበር። መኪናዋ በላይዋ አለፈች። ከኋላዋ የነበረውን የፕላስቲክ ወንበር መታችው። መደገፊያው ለሁለት ተሰነጠቀ።

ከዚያ ዶክተሩ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ። እሷም። "ዛሬ ይሄን ጫማ ሳልስመው አላድርም" አለች። ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኖ ነበር። ጋሼ የተሰበረውን ወንበር አንስቶ ከቆሻሻ በርሜሉ ጀርባ አስቀመጠው። ሰው እንዳያየው? እኔ አየሁት።

ሦስት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ነገር ናት። ሲሚንቶ ላይ ከሞተር ሳይክል እኩል ትሮጣለች። ጭንቅላት ብታገኝስ?

ሚያዝያ 20

ሥራ ቦታ፣ ከምድር ቤቱ የዕቃ ክፍል። የተረፈ ግማሽ ቱቦ መሬት ላይ አስቀምጬ የዕቃ ጋሪ ጎማ አንከባለልኩበት። ቀስ ብዬ ስለቀው ትንሽ ወጥቶ ይመለሳል። በኃይል ስለቀው ወጥቶ ይሻገራል። ደግሜ ደጋግሜ አደረግኩት። የሊፍቱ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ ምንም ሳይጠይቅ ሄደ።

ክብ ነገር ለዘገየ መኪና አባባይ ነው። ለፈጠነ መሰላል። እኛ ደግሞ የሞከርነው በጋሼ መኪና... ማን አሰበው? ቱቦ ውስጥ የሚሄደውን ሁሉ አውቃለሁ። ቱቦ ላይ የሚወጣ ነገር ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከጎማዋ መሐል ከፍ ያለ። ሲመታም ትንሽ ወደ ኋላ እጥፍ የሚል።

ለጋሼ ደወልኩ። ዶክተሩ ፍሬኑን ረስቶ ነው አለ። እንግዶቹም ሊረሱ ይችላሉ አልኩት።

"አንተ ልጅ፣ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም" አለ። ዘጋው።

ሚያዝያ 24

ድንጋይ መፍጫው ጋ ሄጄ ነበር። ጠጠር ተሸክሞ የሚዞረው ሰፊ የጎማ ቺንጋ ሲያረጅ አውጥተው ይጥሉታል። ጠባቂው መጀመሪያ ምን ሊሠራልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ለመጫወቻ መኪና?" አለ፤ ትንሽ አሰበና "ልጆችህ ስንት ናቸው?" አለኝ። ልጅ የለኝም ስለው ራሱ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሰልኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።

ትልቁ ኩርባ ላይ ብቻ አቆምኩት። ከኋላው ፌሮ ተከልኩ፤ ቺንጋውን ላላ አድርጌ አሰርኩበት፣ ሲመታ እንዲገባ። የፌሮውን ጫፍ በቁራጭ ቱቦ ሸፈንኩት። ልብስ ሰፊዋ የላይኛውን ጠርዝ በሸራ ዘመዘመችልኝ፤ የተቆረጠ ጎማ እጅ ይቆርጣል። መርፌዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ሁለቱንም ጊዜ እኔን ነው የሰደበችው።

ጋሼ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው። "ጥቁር ነው" አለ። ቀይና ነጩ መስመር ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥቁር ይሆናል። እውነት ነው፣ ያስጠላል።

ሚያዝያ 27

ዶክተሩ ሞከረው። ፍሬን አልያዘም፤ "ካላችሁ እንግዲህ" ብሎ ሙሉውን ለቀቃት። ቺንጋው ተቀበላት። ሆዱ ወደ ኋላ ገባ፣ መልሶ ተፋት። የትም አልበረረችም!

ግን የፊት እግሯ፣ ጎማዋን የሚይዘው ክንድ፣ ተሰብሯል። ጎማ ጎማን ይይዛል። ቱቦው ያንሸራትት ነበር፤ ይሄ ጨምድዶ ያቆማል። ሌላ ነጂ ሞከረ፤ ቀስ ብሎ ነው የነካው፣ እሱም ቆመ፣ ውድድር ላይ ቢሆን ሁሉም አልፈውት ነበር። ዶክተሩ የተሰበረችውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። "ይሄ መከለያ አይደለም" አለኝ። "የመኪና ወጥመድ ነው።"

ቱቦዎቹ ላይ ተቀምጠን ስብሰባ ሆነ። ሁሉም ስለ መኪናው ተናገረ። እንግዶቹ ሲመጡ ኩርባውን ለመንካት ፈርተን ስንዘገይ ይበሉናል አሉ። እኔ ስለ ሰው እግር ተናገርኩ። የመኪና እግር መለዋወጫ አለው፣ የሰው የለውም አልኩ። ከዚያ ዶክተሩ፣ በክፋት አይደለም፣ "አንሺው ይጠንቀቃ" አለ።

ቺንጋው ይነሳ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ወጣ። ልብስ ሰፊዋም አወጣች። በኋላ ለምን ብዬ ጠየቅኳት። "እኔ መቆም ብቻ አይደለም፣ እነዳለሁም" አለች። እውነቷን ነው መቼም። ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አጎንብሳ ነው የምትቆመው፤ አይቻታለሁ።

የሚመርጠውም የሚነዳ ብቻ ነው። እኔ ድምፅ የለኝም። ጋሼ እጁን ያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሲያወጣ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሚያዝያ 29

ሚስቴ ዝምታዬን አላለፈችውም። ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ቆይ፣ የሚመታው ማን ነው?"

"ማንም ሊሆን ይችላል።"

"ማንም የሚባል ሰው የለም" አለች።

ለጋሼ ነግሬዋለሁ አልኳት። ነግረኸው ነው ወይስ ጠቆም አድርገህለት ብላ ጠየቀችኝ። ልዩነቱን አውቀዋለሁ... እሷም እንደማውቀው ታውቃለች። ከተጋባን ጀምሮ ጋሼን አንድ ቀን እምቢ ስለው ሰምታ አታውቅም። እኔም አልሰማሁም። ሥራውን ያስያዘኝ እሱ ነው። ይህን ቤት የመረጠልን እሱ ነው። እምቢ የሚባለው በምን አፍ ነው?

"እኔንም የመረጠልህ እሱ ነው?" አለች።

"አንቺን እኔ ነኝ። እሱ እንዲያውም አይሆንም ብሎ ነበር።"

ይሄን አታውቅም ነበር። በስንት ዓመቱ ነገርኳት! ሳህኖቹን አነሳስታ ወጣች። ከወጥ ቤት ድምፅዋ መጣ፦ "ይኸው አይሞትም ሰው፣ እምቢ ስላልከው!"

ግንቦት 2

ጋሼ ቤት ሄድኩ። መኪናዋን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ጎማዋን በጥርስ ብሩሽ ያጸዳል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሳሎኑ ጋራዥ ሆኗል፤ ሶፋው ላይ ጥርሳም ብረታ ብረት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ባትሪ ተደርድሯል። የምቀመጥበት ሲጠፋኝ ሶፋው ላይ የተበተኑትን ትንንሽ ጎማዎች ካልሲ ውስጥ ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። ሻይ አፈላ።

ሁሉንም ነገርኩት። ጠቆም ማድረግ አይደለም፣ ነገርኩት። የጋሪውን ጎማ፣ ወንበሩን፣ የልብስ ሰፊዋን ጫማ። ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ በጣቴ እያሳየሁ። ሳያቋርጥ ሰማኝ። ሲሰማ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜም።

ከዚያ ስለ እንግዶቹ አወራኝ። ሊቀመንበራቸው ድሮ የእሱ ረዳት የነበረ ነው። አላውቅም ነበር። ተሳቢው ላይ አብሮት እየዞረ ጎማ የሚያወርድ፣ ራዲያተር ውኃ የሚሞላ። ዛሬ የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ክበብ አለው። "ጋሼ፣ ሜዳህኮ ሜዳ አይደለም" ያለው እሱ ነው። በስልክ፣ እየሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ አለ።

"ታዲያ አሁን ጥቁር ጎማ ደርድሬ፣ መኪናቸውን ሰብሬ ልሸኛቸው?" አለኝ።

"ሰው ከሚመታ..."

"የሚመታው ማን ነው?"

"እዚያ ኩርባ ላይ የሚቆመው።"

ብሩሹን አስቀመጠ። "እሺ። እኔ እቆማለሁ።"

እየቀለደ ነው ብዬ አየሁት። አልሳቀም። በመጀመሪያው ዙር አይነዳም፤ በሁለተኛው ነው። ደንቡም ይፈቅድለታል። ሊቀመንበር የቆመበትን ኩርባ ማን ይፈራል?

"ጋሼ፣ ዳሌህ..." አልኩ።

"ዳሌዬ ምን ሆነ?"

ከተሳቢው ላይ ከወደቀ ወዲህ ወደ ጎን መዞር አይችልም። ሲነሳ የግድግዳ ድጋፍ ይፈልጋል። ጎንበስ ማለትማ ቀርቷል፤ ጫማው ክር የሌለው ነው። ሁላችንም እናውቃለን። በወሬ ግን አይነሳም።

"ምንም" አልኩት።

"በቃ። አሁን ተኛ" አለኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሲያስተኛኝ በነበረበት ድምፅ።

ሻዩን ጨርሼ ወጣሁ። ልናገር የሄድኩትን ተናግሬ፣ ነገሩን አብሼው መጣሁ።

ግንቦት 3

ቺንጋውን ፈታሁ። ደውሎ ፍታ አለኝ፣ ፈታሁ። ጠቅልዬ መጋዘን አስገባሁት። ለምን ፈታሁ?

ግንቦት 4

ሚስቴ ፈታኸው ወይ አለች። ፈታሁት አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። መናገሯ ይሻል ነበር።

ግንቦት 6

እንግዶቹ መጡ። በአንድ ሚኒባስ፣ ሣጥን በሣጥን። የድሮው ረዳት ቦርጫም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጋሼን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ሜዳውን በእግሩ ዞረ፤ ቱቦዎቹን በጫማው እየነካ። ጋሼ አጠገቡ፣ ትንሽ ወደኋላ፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። "አሁን ሜዳ ሆነ" አለ ሰውዬው። ጋሼ ማን ሠራው ሳይባል ወደ እኔ ጠቆመ። በሌላ ቀን ቢሆን...

ከሰዓት ልምምድ ነበር። መኪኖቻቸው ከዶክተሩም ይፈጥናሉ። ትልቁ ኩርባ ላይ ሰው አልቆመም፤ ልምምድ ስለሆነ። አንደኛዋ ፍሬን ዘግይታ ይዛ ገባች። ቱቦውን ረገጠች። ወጣች። ከኋላ ያለውን ግድግዳ መታችው፤ ልስኑ ረገፈ። ጡቡ ታየ።

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። የረገፈው እዚህ ነው፣ እምብርቴ ላይ። የጋሼ ቁመት ከእኔ ያንሳል።

ሁሉም አይቷል። ዶክተሩም አየ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ቀድሞ ዞረ። ከእንግዶቹ አንዱ "እዚህ ላይ ፍሬን ቀደም ማድረግ ነው" ብሎ ለጓደኛው ነገረው። በቃ፣ ያ ነው የተባለው። ጋሼ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለውን ሸራ ከበሩ አስነስቶ እዚያ ግድግዳ ላይ አሰቀለው። ቀዳዳውን ሸፈነው። ማንም አልተናገረም፤ እኔም።

ግንቦት 7

ሳይደበላለቅብኝ ልጻፈው።

ጠዋት ሰው ሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ የእንግዶቹ ዘመዶች፣ ቆመው የሚያዩ፣ ወንበር ይዘው የመጡ። ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ስም ትጠራለች። ጋሼ አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ላዩ ላይ የአንሺዎችን ብርቱካናማ ሰደርያ ደርቧል። ሰደርያው ጠቦታል።

መጀመሪያ ወደ ድሮው ረዳት ሄድኩ። ጎትቼ ለብቻው አደረግኩትና ነገርኩት፤ ቱቦው መኪና ያስወጣል፣ ወንድሜ መዞር አይችልም፣ ቺንጋው መጋዘን ውስጥ ነው፣ አቁሙ በሉልኝና ቶሎ ልሰረው። ሰማኝ። የገባው መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ አብሮት ሲሠራ ፍሬን ተበጥሶ እንኳ "ያዝ፣ አይዞህ" ብሎ ቁልቁለት እንዳወረደው አጫወተኝ። "እሱ እቆማለሁ ካለ ይቆማል። እኔ ነኝ አትቁም የምለው?" አለ። ይህ ሰው ቦርጭ አውጥቶ፣ ክበብ መርቶ፣ አሁንም ረዳት ነው። ሳየው ራሴን አየሁ። ደስ አይልም።

ከዚያ ወደ ጋሼ። በሰው ፊት ነበር፤ ጊዜ አልነበረኝም። "ጋሼ፣ ቺንጋውን ልመልሰው። ቶሎ ይሆናል" አልኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወደ እንግዶቹ አዞረኝ።

"ታናሽ ወንድሜ ነው። መከለያውን ሁሉ የሠራው እሱ ነው" አለ። "እጁ የወርቅ፣ ልቡ የዶሮ።"

ሳቁ። በክፋት አይደለም። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ጉንጬን መታ መታ አደረገኝ።

እኔ ልቁምልህ አልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ በጆሮው። "አንተ ትነዳለህ እንዴ?" አለ። ደንቡ። ከዚያ "ይልቅ ሂድና ዙር ቆጣሪውን ከመጋዘን አምጣ፣ እየጠበቁ ነው" አለኝ።

ሄድኩ። እግሬ ነው የሄደው። ሲለኝ ይሄዳል።

ዙር ቆጣሪው የጫማ ካርቶን የሚያህል ሣጥን ነው። መኪናዋ መስመሩን ባለፈች ቁጥር እሱ ያነባል፣ ይመዘግባል። ያለን አንድ ብቻ ነው። እንግዶቹ የራሳቸውን አላመጡም፤ ያለ ቆጣሪ ደግሞ አንነዳም ብለዋል፤ በዓይን ተቆጥሮ ባለፈው ዓመት የሆነ ቦታ ተጣልተዋል። መጋዘኑን ከፈትኩ፣ ሣጥኑን አነሳሁ። በጥቅልል ቺንጋው ላይ አስቀምጬ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

ከመጋዘኑ በር ትልቁ ኩርባ ይታያል። ጋሼ ደርሷል። ከሸራው ፊት ለፊት ቆሟል። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ነው። እጁን አነሳ፤ ሰው አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘ፤ እግሩን ሰፋ አድርጎ ለመቆም ሞከረ። አልሆነም። መልሶ ግድግዳውን ያዘ። ሸራው ከእጁ ሥር ተጨማደደ።

መኪኖቹን መሬት አውርደው ሲያሞቋቸው ያ የትንኝ ድምፅ ተነሳ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ።

ምን እንዳሰብኩ ልጻፍ ብል ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም። የጀመርኩትን ገመድ ትቼ ሣጥኑን አነሳሁ። መጋዘኑ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው ወደ ኋላ መንገድ። የኋላው መቀርቀሪያ ዝጎ ኖሮ በመዳፌ መታሁት። ተከፈተ። ወጣሁ።

ውጭው ምንም አይመስልም። አንዱ መኪናውን ያጥባል። አንዲት ሴት ልጇን እጁን ይዛ ትጎትታለች፤ ልጁ ሣጥኑን አየው። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ በማጉያው መጣ፣ "ባለ ቱቦው፣ ቆጣሪው!" ሰው ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ደገመችው፤ አሁን ማንም አልሳቀም።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። ቆምኩ፤ እጄ ኪሴ ድረስ ሄዶ ነበር። ዓመታት የጠበቀው ቀን ነው። ያ ሰውዬ አጠገቡ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ምን ይላቸዋል? ወንድሜ ይዞት ጠፋ? ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እንደገና ጀመረ።

ገመዱ መሬት ይጎተት ነበር። ሰብስቤ ከሣጥኑ ጋር ብብቴ ሥር አስገባሁትና ቁልቁለቱን ወረድኩ።